ሎሚ የሌለበት ሳህን

ፓፓያውን ለሁለት ስከፍለው ሽታው ከቢላዋው ቀድሞ ወጣ። እዚህ አገር ፓፓያ አንድ በአንድ በወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚሸጠው፤ ጥሬውን ስለሚያወርዱት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሸትም። ይሄኛው ግን እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ መንገድ ላይ በስሎ ኖሮ ወጥ ቤቱን ሞላው። ከመስኮቱ ውጭ በረዶ ይወርዳል። ወሩ ረመዳን ነው፤ ሰዓቱም ገና ቀትር።

ዘንድሮ አልጾምም። ሐኪሟ ወረቀቶቼን አገላብጣ አየችና ሆዴ ባዶውን መዋል እንደሌለበት ነገረችኝ። መጾም የማይችል በሽተኛ ለየቀኑ አንድ ችግረኛ ያበላል፤ ፊድያ ይባላል። መርካቶ ያለችው የአክስቴ ልጅ በእኔ ስም ሰው ታበላልኛለች። ፈቃዱ አለ፣ ሥርዓቱም ተሟልቷል። እኔ ግን ማንኪያውን አነሳዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በዚህ ወር በቀን ብርሃን ሳህን ፊት መቀመጥ አሳፈረኝ።

እንደዚህ አፍሮ ሳህን ፊት የተቀመጠ ሌላ ሰው አውቃለሁ። አባባ፣ የእናቴ አባት። አላህ ይርሐመው።

ቤታችን ከሸማ ተራ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ነበር። እናቴ ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች፤ ሱቁ ድሮ የአባባ ነበር። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ኑሮው አሰብ መንገድ ላይ ነው ማለት ይቀላል። እኔ ያኔ ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያን ዓመት፣ ልክ እንደ ዘንድሮው፣ ረመዳንና ሁዳዴ ተገናኝተው ነበር። የሰፈሩ ግማሽ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ግማሹ መግሪብ እስኪደርስ ይጠብቃል። መርካቶ በጭራሽ ዝም የማይል ቦታ ነው፤ ያን ሰሞን ግን ጫጫታው ራሱ ዝግ ያለ፣ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ተሸካሚዎቹ "ዞር በሉ" የሚሉት እንኳ እንደ ልመና ነው።

የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነበር፤ ምስማር የለቀቀባቸው ብዙ ቀዳዳዎች ስለነበሩት ፀሐይ በነሱ በኩል ትገባለች። ጠዋት ሳንቲም ሳንቲም የሚያካክሉ ብርሃኖች ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፤ ቀኑ ሲገፋ ይወርዱና ወለሉን ቀስ ብለው ያቋርጣሉ። እኔ ሰዓት የማውቀው በነሱ ነው። ትልቁ ብርሃን የአባባ አልጋ እግር ላይ ሲደርስ ዙሁር፣ የቀትር ሶላት ነው፤ መሐል ወለሉ ላይ ያለው ትሪ ላይ ሲወጣ ዓስር ሊሆን ነው። ከዚያ ሁሉም ቀላ ይሉና እንደተጠራሩ አብረው ይጠፋሉ፤ ያኔ መግሪብ ቅርብ ነው። የበልግ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ጠብታ ይገባል። እናቴ ሳፋ ትደቅናለች፤ እኔም ሰዓቱ ይጠፋብኛል።

ረመዳን ሊገባ ሲል አባባ ታመመ። ጨጓራው ነው። አንድ ጠዋት ሳፋ ላይ ሲያጎነብስ አየሁት፤ ከአፉ የወጣው ነገር የቡና አተላ ይመስል ነበር። እናቴ ዓይኔን በእጇ ሸፈነችኝ፤ ግን ዘግይታ ነው። ከሆስፒታል ሲመለስ አንገቱ ቀጥኖ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶት ነበር። ሐኪሙ ያዘዘው ለስላሳ ለስላሳ ነገር፣ ትንሽ በትንሹ፣ ቀኑን ሙሉ እንዲበላ ነው። ኮምጣጣ የለም፣ በርበሬ የለም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባዶ ሆድ የለም።

"አልበላም" አለ አባባ።

"አባዬ፣ ሐኪሙ እኮ—"

"ሐኪሙ ይብላ።"

እናቴ አለቀሰች። ከዚያ የሰፈራችን መስጊድ ኢማም መጡ፤ የአባባ የወጣትነት ጓደኛ ናቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "ፈቃዱን የሰጠህ አላህ ነው። አልፈልግም ብለህ የምትመልሰው ለማን ነው?" አሉት። አባባ በመጨረሻ ፊድያውን እሺ አለ። ግን የራሱን ነገር ጨመረበት። ምግቡ ተቋጥሮ አይላክም፤ የሚበላው ሰው እዚሁ ቤት፣ አባባ ፊት፣ አባባ ድሮ ጾሙን በሚያፈጥርበት ቦታ ተቀምጦ ነው የሚበላው።

ሰውየው ሸምሱ ነበር። ሸማ ተራ ውስጥ ቦንዳ የሚሸከም፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ቤተሰቡ ሩቅ ገጠር ያለ ሰው ነው። ትከሻው ላይ የሚያደርገውን ጆንያ አጣጥፎ ደጅ ያስቀምጣል፤ እስከ ክርኑ ይታጠባል፤ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። አዛኑ ሲሰማ ተምር ያነሳል። ከዚያ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ በመጨረሻም በብርጭቆ የተነባበረው ፍራፍሬ ይቀርብለታል። አባባ አልጋው ላይ ሆኖ እያንዳንዷን ጉርሻ በዓይኑ ይከተላል።

"ጠገብክ?"

"ጠግቤያለሁ ሀጂ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ዛሬም ሆነ" ይላል አባባ፤ ይሄን ብሎ ነው ጀርባውን ትራሱ ላይ የሚያሳርፈው።

እኔ ይሄን እያየሁ የደረስኩበት ነገር ነበር። ማንም አልነገረኝም፣ ማንንም አልጠየቅኩም። ሸምሱ ቀኑን ሙሉ የአባባን ጾም ይጾምለታል፤ ማታ ደግሞ አምጥቶ እዚሁ አባባ ፊት ያፈጥርለታል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የሰው ዕቃ ተሸክሞ የሚኖር ሰው ነው፤ ያን ሁሉ ቦንዳ የሚችል ጀርባ አንድ የሽማግሌ ጾም ያቅተዋል? ነገሩ እንዲህ ግልጽ ስለሆነልኝ ተደሰትኩ። ሸምሱን በመንገድ ሳየው አባባ በዚያ በኩል እንደሚያልፍ አድርጌ አየው ጀመር።

የእኔ ሥራ የቀኑ ሳህን ነበር። ትምህርት ቤት የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ ለዙሁር ቤት እደርሳለሁ። ጾሜም እስከዚያው ነው፤ ልጅ ስለሆንኩ እናቴ ከዚያ በላይ አትፈቅድልኝም። እሷ ሱቅ ስለሆነች አባባን የማበላው እኔ ነኝ።

ፍራፍሬውን ያስተማረችኝ መተላለፊያችን አፍ ላይ የምትሸጠው እትዬ ብርቄ ናት። ሙዙን በሳጥን፣ ፓፓያውን በጆንያ ላይ፣ አቮካዶውን በቅርጫት ዘርግታ፣ ራሷ መሐል ላይ ትቀመጣለች። ለሁዳዴ ጿሚዎች አቮካዶ በሹካ ጨፍልቃ፣ ሎሚ ጠብ አድርጋ በትንንሽ ሳህን ታቀርባለች። እሷ ግን ቅዳሴ ሳይወጣ ጣቷን እንኳ አትልስም።

"ሳትቀምሺ እንዴት አወቅሽው?" አልኳት።

"አፍንጫ የተሰጠን ለመሐረብ ብቻ ነው እንዴ? ነይ፣ እዚህ ጋ አሽቺ።" ፓፓያውን ከግንዱ በተቆረጠበት በኩል አስጠጋችልኝ። "ማር ማር ካለሽ ውሰጂው። ምንም ካላለሽ እስከ ነገ ይተኛ። አረቄ አረቄ ካለሽ ለኔ መልሺልኝ፣ ለሀጂ አይሆንም።"

አቮካዶውን ጆሮዬ ላይ አድርጋ ነቀነቀችው። ውስጡ ፍሬው ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ደርሷል ማለት ነው። ማንጎውን በአውራ ጣት አይጫኑትም፤ በመዳፍ ይታቀፋል፣ እንደ ጫጩት። ሙዙ ግን ዋናው ነገር ነበር። ለሌላ ሰው ሙዝ ሲቆረጥ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ሳይጠቁር ይቆያል። ለአባባ ሎሚ ክልክል ነው። ስለዚህ ሙዙ የሚላጠው እሱ ፊት፣ ሊበላው ሲል ነው። ካመነታ ይጠቁራል፤ ከጠቆረ ደግሞ ማመኻኛ ያገኛል።

"ለሽማግሌ የምትሠሪ ከሆነ ከወሬው ፍጠኚ" አለችኝ።

እሷና አባባ ይነቋቆራሉ። ዓርብ ዓርብ በትሩን ተመርኩዞ እስከ መስጊድ ሲወጣ ታስቆመዋለች።

"ሀጂ፣ የእናንተ ጾም እኮ ጥሩ ነው፤ ቀን ተርቦ ማታ ሠርግ።"

"የእናንተስ? ቅቤ ተከለከለ ብላችሁ አቮካዶን ቅቤ አደረጋችሁት።"

"አቮካዶ ምን አደረገዎት? እርስዎን ያቆመዎት ማን ሆነና!"

አባባ እየሳቀ ያልፋል። ያን ሰሞን ሲስቅ የማየው እዚያ ቦታ ብቻ ነበር።

ሳህኑ የብረት ነው፣ ነጭ፣ ጠርዙ ሰማያዊ። ፓፓያውን ለሁለት እከፍልና ጥቋቁሮቹን ፍሬዎች በማንኪያ እጠርጋለሁ፤ እንቁላል መስለው ጥርግ ብለው ይወጣሉ። ሥጋውን ፍቄ በሹካ አደቀዋለሁ። መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ አቮካዶ፣ ላዩ ላይ ሙዝ። ማንጎ በተገኘ ቀን ዙሪያውን በቀጭኑ ቆርጬ አከብበዋለሁ። ከዚያ የእኔ ድርሻ ይመጣል። የላጠ ሰው የማንጎውን ፍሬ ያገኛል፤ የቤታችን ሕግ ነው። አባባ ሳህኑን ይዞ፣ እኔ እግሩ ሥር ተቀምጬ ጭማቂው እስከ ክርኔ እየወረደ ፍሬውን እመጥጣለሁ። ጭራሮ ጭራሮ እስኪሆን። እሱ አንድ ማንኪያ ይጎርስና ያርፋል፤ እኔን ያይና ሌላ ይጎርሳል። እየበላ መሆኑን የሚረሳው ያኔ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ፓፓያ ልወስድ እትዬ ብርቄ ጋ ጎራ አልኩ። ከሳጥኖቹ ኋላ፣ ጥላው ውስጥ፣ ሸምሱ ተቀምጧል። ጆንያውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። እትዬ ብርቄ በጣሳ ውሃ ይዛለታለች፤ ክኒን ዋጠ፣ ጠጣ። ከዚያ በሹካ የደቀቀ ሙዝ በማንኪያ አጎረሰችው። አንገቱ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ትልቁ ብርሃን ገና የአልጋው እግር ጋ ያልደረሰበት ሰዓት ነበር።

"ምን ትገተሪያለሽ?" አለች እትዬ ብርቄ። "ወባ ነው። ዋጥ አድርግ አንተ፣ በባዶ ሆድህ ክኒን ሊጥልህ ነው።"

ሸምሱ ቀና ሲል እኔን አየኝ። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰው ሲያፍር አይቼ አላውቅም። ጣሳውን ከጀርባው ደበቀው።

"ሙና፣" አለኝ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ "ለሀጂ እንዳትነግሪያቸው። እሺ?"

"እሺ" አልኩት። ፓፓያውን ይዤ ሄድኩ። የያዝኩት ፓፓያ መሆኑን የረሳሁት ይመስለኛል፤ ቤት ስደርስ ደረቴ ላይ አጣብቄ ይዤው ልብሴ ረጥቧል።

የአባባ ጾም ፈረሰ። በማንኪያ፣ በእትዬ ብርቄ እጅ፣ እኔ እያየሁ ፈረሰ።

ማታ ሸምሱ እንደ ልማዱ መጣ። ጆንያውን ደጅ አስቀመጠ፣ ታጠበ፣ ተቀመጠ። እጁ ተምሩን ሲያነሳ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ጠገብክ?"

"ጠግቤያለሁ ሀጂ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ዛሬም ሆነ።"

አልሆነም። አባባ ግን ትራሱ ላይ ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ፣ ፊቱም እንደ ሁልጊዜው ረጋ አለ። እኔ የሚያየኝ ሰው እንዳይኖር ትሪውን ይዤ ወጣሁ። ብናገር፣ አባባ ነገ ሳህኑን አይነካም፤ ሳፋው ይመጣል፣ ያ ጥቁር ነገር ይመጣል። ዝም ብል፣ አንድ ጾም ጎድሎበታል፣ እሱ አያውቅም፤ ነገም ሊጎድል ነው፣ ሸምሱ ገና ይንቀጠቀጣልና። ቤት ውስጥ ሌላ ጾም የሚሸከም ሰው ማን አለ? እናቴ የራሷን ይዛለች። እኔ ግን ከዙሁር በኋላ ያለው ግማሽ ቀን ባዶዬን ነኝ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ለሱሑር ማዕድ ተነሳሁ። እናቴ ገረማት፤ ውሃ አስጎነጨችኝ፣ ለግማሽ ቀኔ መስሏት። በልቤ ለማን እንደምይዘው ተናገርኩ። ዙሁር ሲደርስ አላፈረስኩም።

የዚያን ሰሞን ቀኖች አልቆጠርኳቸውም፤ ብቆጥራቸውም አንዱ ከሌላው ጋር ተደባልቋል። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሁሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይሆንብኝ ነበር። ብርሃኖቹ ወለሉ ላይ ሲሄዱ የሚሄዱበት ድምፅ የሚሰማኝ ይመስለኛል። የሸማ ተራ ነጋዴዎች አዲስ ጋቢ ሲያራግፉ ብናኙ በበሩ ይገባና ብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ እያየሁ እቆያለሁ። ፍራፍሬዎቹ ደግሞ ተለወጡ። በፊት የሚበሉ ነገሮች ነበሩ፤ አሁን የሚታዩና የሚሸተቱ ሆኑ። ሙዝ ሲላጥ ሽታው መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ የሣር ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ነው ጣፋጩ የሚመጣው። አቮካዶ ሽታ የለውም የሚሉ ሰዎች ጾመው አያውቁም፤ የዝናብ ሽታ አለው። ፓፓያው ሲከፈት ያ ሁሉ ጥቁር ፍሬ እንደ ብዙ ዓይን ያየኛል። አንድ ቀን እትዬ ብርቄ የበሰሉ የዘይቱን ፍሬዎች በወረቀት ቋጥራ ላከችልን። ሳልፈታው ሽታው አልጋው ሥር ገባ፣ ልብሶቹ ውስጥ ገባ፤ ራሴን አዞረኝና ግድግዳውን ያዝኩ።

ጣቴን አልላስኩም። ማንጎ ስልጥ እጄን ከፊቴ ራቅ አድርጌ ነው። ጭማቂው ክርኔ ላይ ሲደርስ በውሃ ታጠብኩት። ፍሬውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ፤ ዝንብ መጣበት።

አባባ ፍሬውን አየው፣ እኔን አየኝ።

"ዛሬ ማንጎው መረረ እንዴ?"

"አይ፣ ጣፋጭ ነው።"

"በምን አወቅሽ?"

"በሽታው።"

 በማግስቱም ፍሬው እዚያው ቀረ። አባባ የሚጎርሰው እያነሰ መጣ። ማንኪያውን ያነሳና ያየኛል፤ አፌን ያያል። ሙዙ ጠቆረ። ሌላ ላጥኩ፤ እሱም ጠቆረ።

ሦስተኛውን ሙዝ ሳነሳ እጄን ያዘኝ።

"ተይው ሙንዬ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ካልበላሽ እኔም አልበላም።"

"ይብሉ እንጂ አባባ።"

"አንቺ ብዪና እበላለሁ።" ሳህኑን ገፋ አደረገው። ትልቁ ብርሃን አልጋውን ለቆ ወደ ትሪው መንገድ ላይ ነበር። ከበላሁ ጾሙ ይሄዳል፤ ካልበላሁ ሳፋው ይመጣል። አለቀስኩ። እንባዬ አፌ ውስጥ እንዳይገባ አፌን በእጄ ሸፈንኩ፤ እንባ ያፈርሳል ብዬ።

"አልችልም" አልኩት። "የእርስዎ እኮ ነው የያዝኩት።"

"የኔ ምን?"

"ጾሙ። ሸምሱ አፈረሰው። ታሞ ውሃ ጠጣ፣ ሙዝም በላ። ለእርስዎ እንዳልነግር እሺ ብዬዋለሁ። እኔ ይዤልዎታለሁና እባክዎ ይብሉ።"

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አባባ ግን ከአልጋው ቀና ብሎ፣ "ሸምሱ ታሟል?" አለ። "ምኑን ነው ያመመው?"

"ወባ ነው አለች እትዬ ብርቄ።"

"እየተንቀጠቀጠ ነው እዚህ የሚመጣው? እኔ ደግሞ ጠገብክ እያልኩ እጠይቀዋለሁ።" እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።  ከውጭ አንዱ ተሸካሚ "ዞር በሉ" እያለ አለፈ፤ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀው።

"ሰማሽው?" አለኝ። "እሱ የያዘው ቦንዳ የሌላ ሰው ነው፤ ሊሸከምለት ይችላል። ጾም ግን በሰው ጀርባ አይሄድም ልጄ። ሸምሱ የኔን ጾሞ አያውቅም። የራሱን ነው የሚጾመው። እኔ የማበላው ይጥገብ ብዬ ነው።"

"ታዲያ የእርስዎ ጾም የት ሄደ?"

አባባ ሳህኑን አየው። ፓፓያው ውሃ ለቋል፣ ሙዙ ቡናማ ሆኗል።

"ያው እዚህ ነው" አለ። "ዕድሜዬን ሙሉ መራብ አልከበደኝም። ዘንድሮ ብላ ተባልኩ፤ ይሄው ነው የከበደኝ። አንቺ ፍሬሽን እየመጠጥሽ ስትቀመጪ ነው የሚቀለኝ የነበረው።"

አፌ ላይ ያለውን እጄን ቀስ ብሎ አወረደው።

"እንባ አያፈርስም። የያዝሽው ደግሞ ያንቺ ነው፣ የማንም አይደለም። ከፈለግሽ አሁን ማንጎሽን ብዪ፣ እኔም ቅር አይለኝም። ከፈለግሽም መግሪብ ሩቅ አይደለም።"

ብርሃኑን አየሁት። ትሪው ጠርዝ ላይ ወጥቷል።

"እጨርሰዋለሁ" አልኩ።

"እንግዲያስ ላጪልኝ።"

ሦስተኛውን ሙዝ ላጥኩት፤ ከወሬው ፈጠንኩ። አባባ ሳህኑን ተቀበለኝ። ከዚያ እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገር አደረገ። እግሮቹን ከአልጋው አውርዶ፣ በሁለት እጁ ሳህኑን እንደያዘ፣ ቀስ እያለ ዞረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ። ለጿሚ ሰው የሚደረግ አክብሮት ነው። ለእናቴ ሲያደርገው አይቻለሁ፣ ለኢማሙም አድርጎታል። ለእኔ ግን አድርጎት አያውቅም፤ ልጅ ነበርኩና። ጀርባውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ማንኪያው ብረቱን ሲነካ ይሰማኛል። ደጋግሞ ነካው፤ በመጨረሻም የባዶ ሳህን ድምፅ አሰማ።

ማታ ሸምሱ ሲመጣ ጆንያውን ደጅ ከማስቀመጡ በፊት አባባ ጠራው።

"ግባ፣ ና እዚህ አልጋው ላይ ተቀመጥ። ወባ ይዞህ ለምን ትመጣለህ?"

ሸምሱ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት አየሁ።

"እኔ ከቀረሁ ሀጂ በማግስቱ አይበሉም ብዬ ነው" አለ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። "ወይ ጉድ" አለች። "ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ሽማግሌ ለማብላት!"

"እስክትድን እዚህ አትመጣም፣ ምግቡ ያለህበት ይመጣልሃል" አለው አባባ። "ዛሬ ግን ከመጣህ አይቀር ብላ። ሙንዬ፣ ለሸምሱ እንደኔ አድርገሽ ሥሪለት። ሎሚ እንዳታደርጊበት፤ ክኒን ላይ ነው።"

ሁለተኛውን ሎሚ የሌለበት ሳህን ሠራሁ። ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ላዩ ላይ ሙዝ። ብርሃኖቹ ቀልተው ጠፍተው ነበር፤ ቤቱ ውስጥ የሚታየው የሳህኑ ነጭነት ብቻ ነው። አባባ ሲያፈጥርበት በነበረው ቦታ፣ ምንጣፉ ላይ፣ እኔን አስቀመጠኝ። ሸምሱ ዞር ብሎ ሰፊ ቦታ ለቀቀልኝ። ሁላችንም ዝም አልን። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ መርካቶ ሁሉ ለአንድ አፍታ ትንፋሹን የሚይዝበት ነው።

አዛኑ ተነሳ።

ተምር አነሳሁ፣ ውሃ ጠጣሁ። ውሃው እስከ ሆዴ ድረስ ሲወርድ መንገዱን ሁሉ አወቅኩት። አባባ ከአልጋው አጠገብ በአፉ የተደፋ ብርጭቆ ነበረው፤ ከቀን ጀምሮ እዚያ ተደፍቶ አይቼው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አሁን አነሳው። ሥሩ የማንጎው ፍሬ ነበር፤ ዝንብ እንዳይነካው ቀኑን ሙሉ ደፍቶበት።

"ድርሻሽን" አለኝ።

ሽታው ሞቋል፣ ጠርዙ ትንሽ ደርቋል። ጭማቂው ክርኔ ድረስ ወረደ፤ ማንም ታጠቢ አላለኝም። አባባ እያየኝ ነበር። ሸምሱን "ጠገብክ?" ብሎ ሲጠይቀው ሰማሁ፣ ሸምሱም መለሰ። አባባ ግን ያን ማታ "ዛሬም ሆነ" አላለም። ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ፣ "ጭራሮ እስኪሆን" አለኝ።

በረዶው አሁንም አላቆመም። ፓፓያው ሳህኑ ላይ ውሃ መልቀቅ ጀምሯል። ፍሬዎቹን በማንኪያ ጠረግኩ፣ ሥጋውን ፍቄ አደቀቅኩት፣ ሙዝ ላጥኩበት። ሎሚው ጠረጴዛው ላይ አለ፤ አላደረግኩበትም። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ቢሆንም ወንበሬን አነሳሁና ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ሙዙ ሳይጠቁር፣ ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ።